አትንካት

ሉብሊን፣ ዓርብ ማታ፣ ከጫማ ሰፊው ሱቅ ሥር፣
ጠባቡን ደረጃ ወርደን፣ ምድር ቤት ስንደረደር፣
ስድስት ጠረጴዛ አለ፤ አንዱ እግሩ ያነክሳል፣
ከሥሩ የታጠፈ የአውቶቡስ ትኬት ጎርሷል።

ቀን አሳንሰር እጠግናለሁ፤ ሰው ሽቅብ ቁልቁል አመላልሳለሁ፤
ማታ ግን ካርታ ይዤ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ እናገራለሁ።

በላስቲክ ሳጥን ታሽጎ፣ ነጥብ የተሰጠው ካርታ
ለኔ የተገነዘ ሬሳ ነው፤ ሬሳ ደግሞ አያውቅም ጨዋታ።
ካርታ ጣት ይፈልጋል፤ የላብ ወዝ፣ የጥፍር ጭረት፣
ሲበወዝም፣ እንደ እርግብ መንጋ አነሳስ፣ የክንፍ ጩኸት።
ጠርዙ ነጣ? ይንጣ! የኔስ ጢም አልነጣም ወይ?
ማነው እኔን አሽጎ፣ “ዘጠኝ ተኩል” ብሎ የሚያሳይ?

ያልተከፈተ ፓኬትማ ሎተሪ ነው፤ ስም አናውጣለት፤
ሌሼክ የወር ደሞዙን ቀደደው፣ አንድ ዘንዶ ሊያገኝበት፤
ዘንዶው አልመጣም፤ የመጣው አሥራ አንድ እንቁራሪት።
ሚስቱ ስትጠይቀው፣ “ቁጠባ ነው” አላት፣
እንቁራሪቶቹን ደርድሮ አሳያት።

የቪዲዮ ጌሙንም ነገር ካነሳን አይቀር፦
ድሮ ካሴቱን ነቅለን፣ እፍ ብለን ስንሰካው ነበር የሚጀምር።
ሦስት ነፍስ አለህ። አለቀ? አለቀ። ከሀ ትጀምራለህ፤
ድልድዩ ላይ መቶ ጊዜ ወድቀህ፣ በመቶ አንደኛው ትሻገራለህ፤
ወንድሜ ቦግዳን ከኋላ ሆኖ “አሁን ዝለል!” ይልሃል፣
የሱ ተራ እንዲደርስ፣ ሆን ብሎ ገደል ያዘልልሃል።

የዛሬው ጌም ግን፣ ሳትነካው፣ ሊያስተምርህ ይቀመጣል፤
“ይህ በር ነው፤ በር ይከፈታል።”
ሃያ ስድስት ዓመት በር ሲከፍት ለኖረ ሰው ይህን ያስረዳል!
ደክሞኝ ገብቼ ስከፍተው፣ “ቆይ፣ ልታደስ” ይለኛል፤
እሱ ሲታደስ እኔ አረጃለሁ፤ እንቅልፍ ይወስደኛል።
ለጀግናው ካፖርት ልደርብ ብል፣ ካፖርቱ ለብቻው ይሸጣል፤
የሰው ወርቅ አያደምቅም፤ የሌለ ካፖርትስ ማንን ያሞቃል?

ከሁላችን የምትልቀው፣ ጡረተኛዋ የጥርስ ሐኪም ቦዤና፣
ካርታዎቿን በብስኩት ቆርቆሮ ይዛ ትመጣና፣
ርካሽ ርካሹን ትደረድራለች፤ አይጥ፣ ጭቃ፣ የጎተራ ዘበኛ፤
የሌሼክን ንጉሥ እንደ መንጋጋ ትነቅላለች፣ ያለ ማደንዘዣ፣ በዙር ስምንተኛ።
“አፍህን ክፈት” ትለዋለች ስትረታው።
እሱም ይከፍታል።

ይህን ሁሉ ያልኩት እኔ ነኝ። ያለፈውን ዓርብ ስሙ።

ቲሞን፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ የፊት ጥርሱ የወለቀ፣
በኪሱ ሳንቲም አንድ ፓኬት ገዝቶ በጎን ጥርሱ ዘነጠቀ።
ወጣች። የብር ጠርዝ ያላት፣ ጨረቃ የምትጠጣ ሚዳቋ።
ምድር ቤቱ ጭጭ አለ፤ ለሁላችንም ጠፋን ቋንቋ።
ልጁ ግን ሳቀ። “ሚዳቋ!” አለ። ሊጨምራት ከድርድሩ፣
ሊበውዛት ከአይጦቹ ጋር፤ የቸኮላት እድፍ አለ ከጥፍሩ።

“አትንካት!”

አለ አንድ ሰው። የልጁ እጅ አየር ላይ ቀረ።
ሌሼክ መስሎኝ ዞርኩ። አልነበረም።
ድምፁ ከኔው ጉሮሮ ነበረ።

ጓንት መጣ። ላስቲክ መጣ። ስልክ ተደወለ።
ቲሞን እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ፣ “ምን አጠፋሁ?” አለ።
ቦዤና ቆርቆሮዋን ከድና፣ ቀና ብላ አየችኝ፤
“አፍህን ክፈት” ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ ምንም አላለችኝ።

ዛሬም ዓርብ ነው። ሚዳቋዋ ባንክ ናት፤ ልጁ ጉንፋን ይዞታል አሉ።
እኔም አልዋሽም፣ የታሸገች ነበረችኝ፤
ሃያ ዓመት ከቁም ሳጥን፣ ከካልሲ ሥር፣ የእሳት አሞራ።
በአሳንሰር ካቻቢቴ ሳጥኗን ስፈለቅቅ
አንዱ ጠርዟ ተሰነጠቀ። አመመኝ።
በወዝኳት።
ሌሼክ ፊቱን አዞረ።
አምስተኛው ዙር ላይ እጄ ገባች፤ ጣልኳት፤ ቦዤና በአይጥ በላችብኝ።
ደረጃው ላይ የልጅ ኮቴ የሰማሁ መሰለኝ፤
የቧንቧ ውሃ ነው።

“አፍህን ክፈት” አለችኝ።
ከፈትኩ።