ኮቴህን ሸጥኸው ወይ

ጉልበቴ ሲንቋቋ ሌት አትጠገብ ሰምታ
«በሩን ማን ከፈተው?» አለች ተነሥታ።
በር አይደለም አልኋት፣ ጉልበቴ ነው ዓለሜ፤
ማጠፊያው የዛገ የሃምሳ ዓመት ዕድሜ።
ሐኪሙ ራጁን በመስኮት አየለት፤
«ወይ ሩጫህን ተው፣ ወይ ጫማ ግዛለት።»

ሩጫ ልተው? እኔ?
ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብዬ፣ መነጽር በዓይኔ፣
የሰው ሰዓት ጥርስ በወረንጦ ስለቅም፣
ከንጋቷ በቀር የኔ ሰዓት የለም።

ደብረ ማርቆስ መሐል አንሙት ሱቅ ገባሁ፤
የሦስት ወር ቁጠባ በኪሴ ዳሰስሁ።
ጫማውን ከካርቶን እንደ ሕፃን አወጣው፤
ነጭ ነው፣ ተረከዙ እንደ ድፎ ያበጠው፤
«ደመና ነው» አለኝ፣ «መርገጥህን አታውቀው።»
ደመናማ ከሆነ ጮቄ ሞልቶ የለ?
ክረምቱን በሙሉ በነጻ እየታደለ።
ግን አልተናገርሁም። አንሙት ጎነበሰ፣
«አውራ ጣትህ የት ነው?» ጫፉን ደባበሰ፣
በግ ገዢ ይመስል።
ሁለት እርምጃ ሄድሁ፣ ሦስተኛው ላይ ሳቅሁ፤
ፍራሽ ላይ እንደሚዘል ልጅ ተናወጥሁ።
በአራት ሺህ ጀምሮ፣ በሦስት ሺህ ተኩል፣
የቆመ ሰዓቱን ላስነሣለት ጭምር፣ ተስማማን በእኩል።

ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት፤ ብርዱ ይናከሳል፤
መናኸሪያው በር ላይ አንድ አውቶቡስ ይስላል።
የኔ እግር ግን ዝም።
ጠጠር አለ፣ አየሁት፤ ረገጥሁት፣ አልቆረቆረም።
አስፋልቱ የት ደረሰ? ድንጋዩስ? ቅዝቃዜው?
ወሬውን አፍኖ ተረከዜ ያዘው።
ጉልበቴም ዝም አለ፣ ጡት ጠብቶ እንደተኛ፣
ያ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ የሚያድር ነገረኛ።
ደስ አለኝ። ደግሞም ደነገጥሁ።
ሰዓት ሠሪ ነኝ እኮ፤ በጆሮዬ ነው የኖርሁ፤
ጣ፣ ጣ፣ ጣ ካላለ የቆመ ይመስለኛል፤
እየሮጥሁ ጆሮዬ «ቆመሃል» ይለኛል።
የእማሆይ ጥሩዓለም ውሻ፣ በሩቅ የሚያውቀኝ፣
ዛሬ ሳይሰማኝ አለፍሁ፤ ለራሴም ሌባ መሰልሁኝ።

ከባሕር ዛፉ ግርጌ፣ ከድልድዩ ማዶ፣
ይርሳው ይጠብቀኛል ብርዱን ተላምዶ።
ዐሥራ ሰባት ዓመት፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ጨለማ፣
ዞር ብሎ አያየኝም፤ ግራ እግሬ ከብዶ ከሰማ
«መጣህ?» ሳይል ይነሣል፤ ኮቴዬ ነው ስሜ።
ዛሬ ግን ስም አልባ፣ ከጀርባው ላይ ቆሜ
«ይርሳው!» ብለው ዘለለ፤ ድንጋይ አነሣብኝ፤
«በስመ አብ! ማነህ አንተ?» ብሎ አማተበብኝ።
«እኔ ነኝ!» «አንተ ማን?» «ታዘብ ነኝ!» አልሁት።
ባትሪውን አበራ፤ ፊቴን ሳይሆን ቁልቁል ሲያይ አየሁት፣
እግሬን ሲመረምር፣ ነጭ ሶሉን ዓይቶ ሲያዝን፤
«ምነው ታዘብ» አለኝ፣ «ሸጥኸው ወይ ኮቴህን?»

ምን ልበለው? ሸጥሁት ልበል? ለወጥሁት?
በሦስት ሺህ ተኩል ዝምታ ሸመትሁት?

ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። «አንዱን ስጠኝ» አለ።
«አርባ ሁለት አይደለህ? እኔም ያው» ቀጠለ።
ግራዬን ሰጠሁት፤ ግራውን ተቀበልሁ፤
ውስጡ ሙቅ ነው፣ የስንት ዓመት ላብ ነው፤ አጠለቅሁ።
በውስጥ ጎኑ ያለቀ፣ የተበላ ሶሉ፣
እግሬን አዘመመው እንደ ባለቤቱ አመሉ።

ሮጥን። እኔ በቀኝ ደመና፣ በግራዬ ጠጠር፤
ይርሳው በግራው ፍራሽ፣ በቀኙ ምድር።
ጣ... ዝም። ጣ... ዝም።
እንዲህ ያለ ሰዓት ጠግኜ አላውቅም።
ሁለታችንም አነከስን፤ ሁለታችንም ሳቅን፤
የጋሪው ፈረስ እንኳ ዞር ብሎ ታዘበን።
ከአስፋልቱ ስንወርድ ዋልካው ተቀበለን፤
ነጭ አሮጌ ሳይል እኩል ጫማ ሰፋልን።

ዳገቱ ላይ ቆመ። «ጥሩ ነው» አለኝ፣ «ይመቻል፤
ብቻ ሰው ከኋላ ሲመጣ በምን ይታወቃል?»
መልስ አልነበረኝም።
ጫማም አልተመላለስንም፤ ጭቃው ነው ያስረሳን።

ቤት ስደርስ አትጠገብ፣ በሩ ሳይከፈት፣ ለየችኝ፤
«ግራ እግርህ ይርሳው ነው» ብላ ሳቀችብኝ።

ማታ ጉልበቴ አልጮኸም።
ዝምታው ቀሰቀሳት። እጇን ሰደደች በጨለማው፤
«አለህ?» አለች።
ተረከዜን አነሣሁ፤ ግድግዳውን መታሁት፤
ጣ።