ግማሽ ብልቃጥ

በህዳር አጋማሽ፣ ፀሐይ ስትሰወር፣
በቫርዶ ወደብ ላይ ቀን በመብራት ሲኖር፣
ኤይለርት ይመጣል፣ ኮቱ ዓሣ ይሸታል፣
ከባንኮኒዬ ፊት ጓንቱን ያወልቃል።

"ዚንክ ስጪኝ፣ ቫይታሚን ዲ፣ ያንን የሲ እንክብል፣
ጉንፋን ደጄ ቆሞ 'ቤቶች!' ሳይል።
ይሠራል ወይ ግን?" አለኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ፤
ጥያቄው ከኔ ጋር አሥር ዓመት ቆየ።

"ለጎደለው" አልኩት፣ "ጥቂት ይሞላለታል፤
ለሞላ ሰው ግን ሽንት ሆኖ ይፈሳል።"
ሳቀ፤ ሳቁን ሳሉ ከመሐል በላው።

"እናቴ በማንኪያ የዓሣ ጉበት ዘይት
ሰባታችንን አሰልፋ ታጠጣን ነበር ጠዋት።
አምስታችን ተረፍን፣ ሁለት ወጡ ከደጇ፤
ዘይቱ ይሁን ያዳነን፣ ወይስ የናት እጇ፣
ዛሬም አላወቅሁም።"
ከፈለና ሄደ።

በጥር ሚስቱ መጣች፣ ቦርግሂልድ፣ ብቻዋን፣
ከኪሷ አወጣች ግማሽ ብልቃጡን።
"ሳሉ ሳንባው ገባ፣ ሦስት ሌሊት አልፈጀም፤
ሐኪሙም፣ ይሄም፣ አንዱም አልታደገም።
ሃያ ስምንት ቀርቷል፣ ቆጥሬዋለሁ።
ገንዘብ መልሺ አልልም፣ አንድ ነገር ልጠይቅ ነው፦
የሱን እኔ ብውጠው ነውር ይሆናል ወይ?"

ሕጉ ከግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ የተከፈተ አይመለስም ይላል፤
ስለ ነውር ግን የተጻፈ የለም።
ክዳኑን ከፈትኩ፣ ቆጠርኩ እንደገና፤
ሃያ ስምንት። ልክ ናት።

ከባሕሩ ጫፍ ስስ ቀይ መስመር ወጣ፣
ሁለት ወር የቀረች ፀሐይ ልትመጣ።
"በቀን አንድ" አልኳት፣ "ከምሳ በኋላ።"
ምሳን አልጠበቀች። ውሃ ለመነችኝ፣
ዋጠች፣ ብርጭቆዬን አጥባ መለሰችልኝ፣
"ሃያ ሰባት" አለች።