የአባት ስም

ማራኪ ግቢ ውስጥ፣ ከቤተ ሙከራው ኋላ፣
ወይራ ሥር ቆፈርን፣ በማንኪያ፣ በቢላ።
ጉንዳኑ ከእጅጌዬ ገብቶ ክንዴን ነክሶ ሲሄድ
«ሸምሱ፣ ቀስ በል እንጂ፤ ጎጆው እንዳይናድ!»
ይላሉ መምህር ደምለው፣ ኮታቸውን ጥለው፣
ከጭቃው ተንበርክከው፣ መነጽር ሰቅለው።
ንግሥቲቱን አልነካንም። እጩን ብቻ ለቀምን፣
ሩዝ የመሰለውን፤
ዝናቡ ከጎርጎራ ሳይደርስብን ገባን።

የእጭ አንጎል ስንት ነው? ከጤፍ ፍሬም ያንሳል።
በመርፌ ጫፍ ወጥቶ በኮልቺሲን ይርሳል፤
ልትከፈል የተነሳች ሴል ባለችበት የሚያቆም መድኃኒት ነው፣
እንደ ትራፊክ ፊሽካ፣ መሀል መንገድ ላይ የሚያስቀረው።
ቀጥሎ ውሃ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ይፈነዳል።
ቀጥሎ ባሪየም፣ ቀጥሎ የሞቀ ጨው፣
መጨረሻ ጊምዛ፣ ወይን ጠጅ ማቅለሚያው፣
ጣቴን ለሳምንት የማይለቀው።
(ባለቤቴ ከድጃ፣ «እንሶስላ የት ሞቅህ?» ብላ ትስቃለች፤
እስከ ዛሬ ትጠይቃለች።)

ባሪየሙ ውስጥ እያለ መብራት ሄደ።
«አራት ደቂቃ» አሉ መምህር፣ «አንድ ሰከንድ አይጨምር፤
ካለፈ፣ ባዶ መስታወት ነው የሚቀር።»
በጨለማ ቆጠርኩ፣ እንደ ዚክር፣ በጣቴ።

መብራቱ ሲመጣ ዓይኔን ከሌንሱ ላይ ጣልኩ።
ከአንድ የፈነዳ ሴል መሀል የተበተነ ክር አየሁ፤
አጭሩ፣ ረጅሙ፣ እግሩ የተንጋደደ፣
በየወገቡ ላይ ጥቁር ጥለት የወረደ።

ይኼንን አውቀዋለሁ!
አዲስ ዓለም፣ ከአያቴ ከኑርየ ጓዳ፣
እግሩ ከጉድጓዱ፣ እጁ ከመወርወሪያው፣ ጆሮው ለእንግዳ፤
«ጥለት ስታይ ቁጠር፤ በቀለም አትታለል፤
ቀለም ይለቃል፤ ቁጥር አይለቅም» ይለኝ ነበር፣ ክር ሲነጥል።

ቆጠርኩ።
የመጀመሪያዋ፣ ሃያ ስድስት።
ጥለቱ ከጥለቱ ገጥሞ፣ እንደ ጫማ፣ ግራና ቀኝ።
ሁለተኛዋም ሃያ ስድስት።
ሦስተኛው፣ አሥራ ሦስት።
ደግሜ ቆጠርኩ። አሥራ ሦስት።
«መምህር፣ ግማሹን ደፍቼዋለሁ፤ በጨለማው ይሆናል።»
ጎንበስ ብለው አዩ። «አልደፋህም። ወንድ ነው። ይኼው ነው ያለው፤ ይበቃዋል።
ሴቷ ኩታ ናት፣ ድርብ። ወንዱ ነጠላ።
ካልዳበረ እንቁላል ነው የሚፈለፈለው፤ ንብም ቤት እንዲሁ ነው ድንጉላ።
አባት የለውም።
አያት ግን አለው፣
የእናቱ አባት፣ ክሩን በእሷ እጅ ያቀበለው።»

ዝም አልኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ጀመረ።

የቀበሌው ጸሐፊ «የአባት ስም?» ሲል፣ ብዕሩን አንስቶ፣
እናቴ መሬት አየች። ወረፋው እኔን አየ፣ አንገቱን አውጥቶ።
አያቴ ከኋላ፣ የጺሙን ጥጥ ሳያራግፍ፣
«ኑርየ ነው» አለ፣ «ምን ያስጨንቃል? ጻፍ።»
ጻፈ።
እናቴም ኑርየ፣ እኔም ኑርየ፤ ልጆቹ ግን ደረሱበት፤
«ሸምሱ የእናቱ ወንድም ነው» ብለው ሁለት ዓመት ሳቁበት።

ስላይዱ ላይ ጻፍኩ፤ ጎንደር፣ ማራኪ፣ ወይራ ሥር፣ ሐምሌ ሰባት።
ፆታ፣ ወንድ። ክሮሞዞም፣ አሥራ ሦስት።
አባት የሚል መስመር ቅጹ ላይ የለበት።
ሰብሳቢ፣ ሸምሱ ኑርየ።

መምህር ብልቃጥ እያጠቡ ነው።
«አውስትራሊያ ደግሞ» አሉ፣ «አንድ የጉንዳን ዓይነት አለ፤
የወንዱ ጠቅላላ ሀብት አንድ ክር ነው። አንድ ብለህ ቆጥረህ አለቀ።»

አያቴ ቢሰማ፣ «በአንድ ክር ምን ይሸመናል?» ይል ነበር።
ጠየቅኩለት።
ቧንቧውን ዘጉ። እጃቸውን በጋዋናቸው ጠረጉ።
«ክንፍ ያወጣል» አሉ፣
«ይበርራል።»