ባለ አራት ፊደሉ አንበሳ

ጡር ዓብዲን ላይ ነው። ወይኑ ተለቅሞ አልቋል፤
የደብሩ ምድር ቤት እርጥብ ኖራ ይሸታል።
መምህሩ፣ ማልፎኖ ሻቦ፣ ጠመኔውን ጨብጦ፣
ከጥቁሩ ሰሌዳ አራት ፊደል አስቀምጦ፣
"በሉ አንብቡ" ይላል፣ "ከቀኝ ወደ ግራ"፤
ሰባቱም ልጆች ይነሣሉ ተራ በተራ።

ኦላፍ፦ ድምፅ የላትም፣ አፏን ከፍታ ትቆማለች፤
እንደ ዋሻ በር፣ ሌላው እስኪወጣ ትጠብቃለች።
ሪሽ፦ የጎበጠች ጀርባ፣ ከአናቷ አንዲት ነጥብ፣
የተኛ አውሬ ግንባር ላይ እንዳረፈች ዝንብ።
(ነጥቧ ወደ ታች ብትወርድ ሪሽነቷ ይቀራል፣
ዶላት ትሆናለች፤ አንበሳውም ይሰወራል።)
ዩድ፦ የሁሉም ታናሽ፣ አንዲት የወተት ጥርስ።
ደግሞ ኦላፍ፤ ዝም ያለ በር፣ ዝም ያለ እስትንፋስ።

"አርዮ!" ይላሉ ልጆቹ። ጣሪያው ያስተጋባል።
ማልፎኖ ፈገግ ይላል፤ ከእጁ ጠመኔ ይረግፋል።

ሽሙኒ ግን፣ የዘጠኝ ዓመቷ፣ እጇን አነሣች።
"ማልፎኖ፣ እኛ ቤት 'ሼር' ነው የሚባለው" አለች።
"አጎቴ ገሎ ሼር ይላል፣ በግ ነጋዴውም፣
ቴሌቪዥኑም። አርዮ ያለ ሰው ሰምቼ አላውቅም።"

ዝም አለ ሰውዬው።
ምን ይበል? ሼር የኩርዱ ጎረቤት ቃል ነው፤ እንደ ጨው፣ እንደ ወንፊት፣
በትውስት ገብቶ አንድ ምሽት፣ መመለሱን ረሱት።
አርዮ ግን ከመጽሐፉ አልወጣም፤ በብራና ታስሮ፣
ከዳንኤል ጋር ከጉድጓዱ፣ ሳይበላ ሳይጠጣ ኖሮ፣
እሑድ እሑድ ብቻ በዲያቆኑ ጉሮሮ
ያልፋል፤ አልፎም ይመለሳል።

ማታ አጎቷ ገሎ ከእጁ ኖራውን ሲያጥብ፣
"አንበሳ አይተሃል?" አለችው፣ ቆማ ከገንዳው አጠገብ።
"የት አግኝቼው! አባቴም፣ የአባቴ አባትም አላየ።
ከበሩ ላይ የቀረጽሁት? የጎረቤት ድመት ነው፤ በጋማው ብቻ የተለየ።"
ሳቀ። ወዲያው ደግሞ ሳቁን ዋጠው።
"አርዮ አልሽኝ? ቆይ... አርዮ...
አባቴ በድንጋይ መፍለጫው፣ ገደሉ ሊናድ ሲል፣
'አርዮ! አርዮ!' ይጮኻል፤
ሰው መሮውን ጥሎ ይበተናል፣ ነፍሴ አውጪኝ ይላል።
እኔ የድንጋይ ስም መስሎኝ ነበር።"

ይህን የምጽፍ እኔ በሌላ ፊደል ነኝ፣ ከግራ ጀምሬ።
ግዕዛችን "አርዌ" ይላል፤ እኛ ገልብጠን "አውሬ"።
ሥሩ አንድ ነው ይላሉ የቋንቋ ሊቃውንት። እኛ ግን ስሙን በተንነው፤
ለጅቡም ለነብሩም አደልነው፣
ባለቤቱን ሌላ ስም ሰየምነው።
እነሱ ዘንድ ከቀኝ ይመጣል፣ እኔ ከግራ እሄዳለሁ፤
ወረቀቱ ጠባብ ነው፣ መሐሉ ላይ እፈራዋለሁ።

በማግስቱ ሽሙኒ በተተወው መፍለጫ በኩል አለፈች።
ግራ ቀኝ አየች። ማንም የለም።
አፏን ከፈተች፣ ትንሽ ጊዜ ዝም አለች
(ይህች ኦላፍ ናት)፣
ከዚያ፦
"አርዮ!"

ገደሉ ተቀበላት፣ "ርዮ... ዮ..." እያለ።
ከላይ አንዲት ጠጠር ተንከባለለች።
ሽሙኒ ደብተሯን ጥላ
ሮጠች።