አደራ

ስም ለውሻ ሲወጣለት፣ በእኛ ሰፈር ልማድ፣
ውሻው አይደለም ሰሚው፣ ጎረቤት ነው በግድ።
አንዱ ‹ምን ቸገረኝ›፣ አንዱ ‹ሆድ ይፍጀው› ይባላል፤
የጋሽ ዘገየ ውሻ ግን ‹አደራ› ሲሉት ይመጣል።
ሳሙና በር እንጨት ቤቱን ሌሊት አብረው ሲጠብቁ፣
‹ይኼም ስም ሆነና!› ብለው ስንቶቹ ሳቁ።
እኔም ሳቅሁ።

ኋላ፣ በነሐሴ ጭጋግ፣ ሳሉ ሲያዳክማቸው፣
ሆስፒታል ከመግባታቸው በፊት፣ በሬን መትተው በእጃቸው፣
የገመዱን ጫፍ ሰጡኝ።
በሌላው ጫፍ ውሻው ቆሟል።
‹አደራ› አሉኝ።
ስሙን ነገሩኝ? ወይስ እኔን አሰሩኝ?
ሳልጠይቃቸው አረፉ፤ መልሱም አብሮ አርፏል።

ስድስት ዓመት ታስሮ ኖሮ፣ አንገቱ ዙሪያ ፀጉር የለም፤
ፈታሁለት። በግቢዬ ብለቀውም አልራቀም፤
ገመዱ በሚደርስበት ልክ፣ ክብ እየሠራ፣
ሲዞር ዋለ፣
መሀሉ ላይ የሌለ ግንድ እንዳለ ሁሉ እየፈራ።
ቋጠሮ በጣት ይፈታል፤ አንገት ግን ቶሎ አያምንም፣
ውሻ ከገመድ ቢወጣ፣ ገመድ ከውሻ አይወጣም።

በሩን ዘግተን ጀመርን። ኪሴ የሳንባ ቁራጭ ይዟል፤
‹ና› ስለው ከመጣ ይበላል፤ ካልመጣም ማን ይቆጣዋል?
ጠርቶ መምታት፣ ዘግይቶ ቢመጣ፣
መምጣትን መቅጣት ነው፣ ዳግመኛ እንዳይመጣ።
‹ቁም› አንድ ወር ፈጀብን። ‹ተው› ግን፣ እሱስ ይቅር፣
ጥቅምት አልቆ ኅዳር ገባ፣ ከአጥንት ጋር ስንማከር።
ቀጥሎ ወደ ቀሃ ወንዝ፣ በንጋት፣ ባጃጅ ሳይነሳ፣
ረጅም ገመድ እያስጎተትኩ፣ ምናልባት ቢረሳ፤
ከዚያ ያለ ገመድ፤
ከዚያ በአራዳ ጀርባ፣ ከግራ ጉልበቴ ሳይርቅ፣
እኔ ስቆም ቆሞ፣ ዓይን ዓይኔን ሲጠብቅ።

ሁልጊዜ አይደለም። ቅዳሜ ገበያው ሲሞላ፣ የሠርግ መኪና ሲያናፋ፣
ገመዱን አጠልቅለታለሁ፤ ለማን ልኮራ፣ ኋላ ቢጠፋ?
የክትባት ወረቀቱን ከመታወቂያዬ ጋር ይዣለሁ፤
ደብተር ያቀፈች ልጅ ካየሁ፣ ወደ ዳር አስቀምጠዋለሁ።
‹አይነክስም› አልላትም።
ለእኔ ጅራት ነው፤ ለእሷ ጥርስ።
ቁጭ እንዳልን እንቆያለን፣ ከበራቸው እስክትደርስ።

አንድ የባጃጅ ሹፌር፣ ፒያሳ ዳገቱ ላይ፣ አንገቱን አውጥቶ፣
‹ውሻህን እሰር!› አለኝ።
‹ታስሯል› አልኩት።
‹በምን?› አለ፣ ቁልቁል አይቶ፣ ገመድ አጥቶ።
ከኋላው ክላክስ አዋከበው፤ ሳልመልስለት ሄደ።

የካቲት ውስጥ አንድ ንጋት፣ ከድልድዩ ማዶ፣
ሦስት ውሾች ተጋድመዋል፤ ጆሮ የሚያነሳ የለም።
አጠገባቸው ሥጋ። ቀይ፣ ገና ያልደረቀ፣
ሌሊት እጅ የጣለው፣ ማን እንደሆነ ያልታወቀ።
አደራ ቀድሞኝ ነበር። አሥር እርምጃ። አፍንጫው ወርዶ።
ገመድ ቢኖር እስብ ነበር፤ እጄ ባዶ፣ ጉሮሮዬም ባዶ፣
‹ተው!›

ቀና አለ።
ሥጋውን አየ፣ እኔን አየ፣
ደግሞ ሥጋውን፤
አንድ ክረምት የሚያህል ቆየ።
ከዚያ መጣ። ጉልበቴ ሥር።
‹አደራ በላ› የሚሉት ስድብ በስንቱ ሰው ላይ ዋለ!
እኔ ግን ምስክር ነኝ፤ አደራ አልበላም። ሥጋው እዚያው አለ።

አሁን መንገድ ስንሻገር ‹አደራ!› ብዬ ስጣራ፣
መንገደኛው ይዞራል፣ እሱ ይመስል የተጠራ።
ትናንት ጀሪካን ያዘለች ሴት፣ ከነሸክሟ ረግታ፣
‹ምኑን ነው የምጠብቀው?› አለችኝ፣ ስሙን ሰምታ።