ተረኞች

በቤሌም ከተማ፣ ወንዙ ወደ ባሕር አፉን ከከፈተበት፣
ቀጠሮ «ከዝናብ ፊት» ነው፣ ወይ «ዝናቡ ሲያባራ»፤ ሰዓት ማን አምኖበት።
እኔም ከዝናብ ፊት፣ ቅዳሜ ማለዳ፣ ገበያ ወረድኩኝ፤
የአባቴን ቤት ላለብስ፣ ቅጠል ልገዛ ነው፤ መልክ መልኩን አየሁኝ።

ኦዝቫልዲና ናት ችግኝ የምትሸጠው፣ ጥፍሯ ጭቃ ጠግቦ።
«ይቺን ስጪኝ» ስላት፣ «ያቺንም ጨምሪ»፣ ልቤ ባይን ተስቦ፣
«ቆይ» አለች፣ «ጃንዲራ፤ ቅጠሉን ተዪና ክፍሉን ጠይቂው፤
ጠዋት በየት ገብቶ፣ ከሰዓት በየት ነው ፀሐይ የሚወጋው?
ማን ይተኛበታል? ማን ያነጥስበታል? በሩን ማን ይወረውራል?
ያለ ቦታው ቆሞ ያማረ አላየሁም፤ ሰውም ይጠወልጋል።»

የጊዮርጊስ ሰይፍ ይሏታል እዚህ አገር፤ ቀጥ ያለች፣ ሹል፣ ጠርዟ ቢጫ፤
ደጃፍ ያቆሟታል፣ ዘብ ናት ይሏታል፣ ለክፉ ዓይን መቀጣጫ።
ሳምንት ውሃ ቢቀርባት አታኮርፍም። በበሩ ግራና ቀኝ አቆምኳት፤
ፈረሱን ያጣ ሰይፍ፣ ብዬ በሆዴ ሳቅሁባት።

የአዳም ጎን የሚሏት፣ ቅጠሏ እንደ ጎድን ተሰነጣጥቆ፣
ሳሎን ይገባታል፤ ሰፊ ናት፣ ኩሩ ናት፤ ሶፋው ይቀመጥ ርቆ፤
ከሰማያዊው ግድግዳ ፊት፣ ለብቻዋ፣ ሌላ ቅጠል ሳይጠጋት፤
ማታ መብራት ሲበራ፣ ጥላዋ ግድግዳ ሲወጣ፣ ሌላ ጌጥ አያሻት።

ዘንዶ የሚሏት ሐረግ ኩሽና ደረሳት፤ ከማቀዝቀዣው አናት ቁልቁል ትወርዳለች፤
ስሟ ነው ዘንዶ እንጂ ጠባይዋ ርግብ ነው፤ የዓሣ ሾርባ እንፋሎት ትጠጣለች።
ፈርንስ? ፈርንማ ከመታጠቢያ ቤት፣ ታቹ በተበሳ በእናቴ ሳፋ፤
ሰው ገላውን ሲታጠብ አብራ ትርሳለች፣ ጸጉረ ዘርፋፋ።

«ማንም አይችለኝም» የምትባል አለች፤ ቅጠለ ዥጉርጉር፣ ውብ ነገር፤
ብትቀመስ ምላስን ታሳብጣለች፣ ሰው እስኪያቅተው መናገር።
የእህቴ ልጅ ካውቢ ያገኘውን ሁሉ ወዳፉ ነውና የሚልከው፣
«ማንም አይችለኝም» ካውቢን አልቻለችም፤ መደርደሪያው አናት ተሰደደች ይኸው።

አንድ ክፍል ቀረ።
አባቴ አኒዚዮ፣ ጀልባ ሲጠርብ የኖረ፣
ዛሬ ብርሃን እንደ መርፌ ዓይኑን ይወጋዋል፤
መጋረጃው ድርብ ነው፣ መስኮቱ ተቀርቅሯል።
ሰይፏን አስገባሁለት፤ ቆመች፣ ግን አላደገች።
የአዳም ጎን ገባች፤ በወሯ ቢጫ ሆነች።
አንዲት ነጭ አበባ፣ ስሟንም አልያዝኩት፣
ከሥሯ በሰበሰች፤ ሸክላዋን ብቻ አስቀረሁት።

ገበያ ተመለስኩ። ኦዝቫልዲና ሳቀች፤ ክፉ ሳቅ አይደለም።
«ጨለማ የሚወድ ቅጠል» አለች «በዚህ ዕድሜዬ እኔስ አላየሁም፤
የሚታገስ እንጂ። በሽተኛ ሲኖር፣ አስታማሚው ስንት ነው?
አንዱ አድሮ ይወጣል፣ ሌላው ይተካዋል። የነሱም እንዲያው ነው።»

ይኸው ከዚያ ወዲህ፣ እሑድ እሑድ ጠዋት፣ ተረኛ ይቀየራል፤
እሱ በጠረበው በርጩማ ላይ ሆኖ፣ ከራስጌው ይሰነብታል።
አባቴ አያያቸውም፤ በጣቱ ነው የሚለያቸው። ጠርዝ ይዳስሳል፣
«ሰይፊቱ፣ መጣሽ?» ይላል፤ ድሮ ሳንቃ ሲመርጥ እንደሚያደርገው፣ በአውራ ጣቱ ያሻል።

ባለፈው ሐሙስ ነው። ለፈርኗ ተራ ገና ሦስት ቀን ይቀራታል፤
ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀምሯል።
ጠራኝ። እጁ ከቅጠሏ ላይ ነው፤ የረገፈው መዳፉ ውስጥ አለ።
«ይቺ ልጅ ደክማለች፤
ወደ ብርሃን ውሰጂያት» አለ።