የበረኛው ስም

ብርኖ ከተማ፣ ሐሙስ ማታ፣ ከትራም ማደሪያው ጀርባ፣
ሉቦር ወረቀቱን ታቅፎ ከካርቶን ከለላው ኋላ ሲገባ፣
አራታችን ዝም እንላለን፤
አንድ እግሩ ያጠረ ጠረጴዛ በታጠፈ ትኬት አቁመን፣
ዳይሱን በመዳፋችን አሙቀን።

«በሩ ጋ ደርሳችኋል» ይላል። «በረኛው ጦሩን ደገነ።»
ራድካ፣ «ስሙ ማን ነው?» አለች። ሉቦር ትንሽ ባከነ።
አላዘጋጀም። መደርደሪያው ላይ ያለች የሰርዲን ቆርቆሮ ገልመጥ አድርጎ አየና፣
«ሰርዲንኮ» አለ። ሳቅን። እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገና፣
«ሰርዲንኮ ነኝ፤ ልጄ ታማለች፤ ዛሬ ማለፍ የለም» አለ።
ስድስት ሐሙስ ሙሉ የዘንዶው ወርቅ ተረስቶ ዋለ፤
እኛ ረግረግ ለረግረግ መድኃኒት ፍለጋ፣ ልጅቷን ትኩሳት ሲበላት፤
ኦታካር፣ ያ ደረቅ የሒሳብ ሠራተኛ፣
ባለ ሃያ ፊቱ ዳይስ «አንድ» ብሎ ሲቀር፣
ኮቱን ደርቦ ወጣ፤ በረንዳው ላይ፣ ብርድ ውስጥ ቆመላት።

ዘንድሮ ያው ጨዋታ በኮምፒውተር ወጣ። እውነቱን ልናገር? አማረ።
የሉቦር ዘንዶ «በጣም ትልቅ» ብቻ ነበር፤
የዚህኛው ቅርፊቱ ሲነድ፣ በረዶው በትንፋሹ ሲቀልጥ፣ ዓይኔ ሲያይ አደረ።
ቀጠሮ የለ፣ የመጨረሻ ትራም የለ፣ «ልጄ አልተኛም» የሚል የለ፤
በሩ ጋ ስደርስ ግን በረኛው ጦሩን ደግኖ «ማለፍ ክልክል ነው» አለ።
ሦስት ምርጫ ሰጡኝ፦ ጉቦ፣ ዛቻ፣ ሰይፍ።
ስሙን ልጠይቀው ፈለግሁ፤ አራተኛ መስመር የለም የሚጻፍ።
ደግሜ ነካሁት። «ማለፍ ክልክል ነው።»
ደግሜ።
ሺህ ጊዜ ብነካው ሺህ ጊዜ ያው ነው።

ቅር ብሎኝ ሉቦር ቤት ሄድኩ፤ አብረን ልናማው።
እሱን ግን ስክሪኑ ፊት ባዶ እግሩን ተዘርግቶ አገኘሁት፣ እራት እንኳ ሳያምረው።
«ሃያ ሁለት ዓመት» አለኝ፣ ዞር ሳይል፣
«በር ሆንኩላችሁ፣ ዝናብ ሆንኩ፣ ተኩላ ሆንኩ፤
ገብቼ ግን አላውቅም። ይኸው ዛሬ በእግሬ ሄጄ ደረስኩ።»

ምን ይባላል? ያመጣሁትን ሐሜት ከነምራቄ ዋጥኩ፤
ጎኑ ተቀመጥኩ።

ጦሩ ተደገነ። የበረኛው አፍ ሊከፈት ሲል
ድምፁን አጠፋሁበት። ጉሮሮዬን ጠረግኩ፤ እንደዚያን ጊዜው እንደ እሱ ዝቅ ስል፣
«ሰርዲንኮ ነኝ» አልኩት።

ጣቱ ማዘዣው ላይ ቆመ።
«ልጅህስ?» አለኝ። «ተሻላት?»